ከዋጋው በፊት ስለቱን እዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን እንደምታውቂው ነው፤ የጠዋቱ ውርጭ ጣት ያደነዝዛል፤ ፀሐይ ሳትሞቅ መጋዝ መያዝ አይቻልም። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

ፊላደልፊያ ሆነሽ የእንጨት ሥራ ጀመርኩ ስትዪኝ ደስታዬን በስልክ በቅጡ መናገር አልቻልኩም። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶዎች ሁሉንም አጉልቼ አይቻቸዋለሁ። አሮጌ የእጅ መሣሪያ ልግዛ ማለትሽ ትክክል ነው። ርካሹ አዲስ መላጊያ ምላጩ ቶሎ ይዶለዱማል፤ ስትስዪ ትውያለሽ። የድሮው ብረቱ ደህና ከሆነ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ግን ሳይነኩ በፎቶ መግዛት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

እስቲ ከመላጊያው ልጀምር። ያ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ያየሽው ስታንሊ ቁጥር 4 የሚባለው መላጊያ ፎቶው ያምራል። ነገር ግን ሁሉም ከላይ የተነሳ ነው። እጀታው ያብረቀርቃል፣ ማኅተሙ ይነበባል፤ ሆዱ፣ ማለት እንጨቱን የሚነካው የታች ገጹ፣ ግን የለም። ምላጩም ወልቆ አልታየም። ሻጩ ሆዱን ያላሳየው ወይ ስለማያውቅ ነው ወይ ስለደበቀ፤ የትኛውም ቢሆን ጠይቂው። አካሉ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት። ጊዛ ሲወድቅ አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የሚብሰው ምላጩ ብቅ በሚልበት አፍ ጥግ ላይ ነው። እዚያ ጋ ፀጉር የምታህል መስመር ካየሽ፣ በነጻም ቢሰጡሽ ተይው።

ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። ላይ ላዩን የያዘው ቀይ ዝገት አያስፈራሽ። ኮምጣጤ ውስጥ ይደር፣ በማግስቱ በሽቦ ብሩሽ ፈትጊው፣ እጠቢው፣ አድርቀሽ ዘይት ቀቢው። የሚያስፈራው ብረቱን የቦረቦረው ነው፤ በተለይ የምላጩ ጠፍጣፋ ጀርባ ላይ፣ ጫፉ አካባቢ ከሆነ። ስለት ማለት ሁለት ልሙጥ ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነው። አንዱ ገጽ ጉድጓድ ጉድጓድ ከሆነ የቱንም ያህል ብትስዪው ጫፉ የተሸራረፈ ይሆናል። ጣውላው ላይ ጭረቱን ትቶብሽ ያልፋል። መሮም እንዲሁ ነው፤ ጀርባውን ሳታዪ አትግዢ። የአሮጌ መሮ አንገት ላይ «ካስት ስቲል» የሚል ማኅተም ካገኘሽ ግን ልብሽ ይነሳ። ከጊዛ ጋር አታምታቺው፤ የእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ከተማ ሰዎች በፈረንጆች ከ1740ዎቹ ጀምሮ በሸክላ ዕቃ እያቀለጡ ያወጡት የነበረ ምርጥ ብረት ነው።

እጀታ ቢሰበር ግድ የለም። እኛ በወይራ እንተካዋለን፣ አንቺም እዚያ ጠንካራ እንጨት አታጪም። የጎደለ ብረት ግን ገንዘብ ይበላል። ከምላጩ ላይ የሚደረበው ብረትና ማጥበቂያው መኖራቸውን አረጋግጪ፤ ተፈልገው ሲገዙ ከመላጊያው በላይ የሚያስወጡበት ጊዜ አለ።

ስለ ዕድሜው ጠይቀሽኝ ነበር። ከምላጩ ማረፊያ ኋላ ብረቱ ላይ 1902 ወይም 1910 የሚል ቀን ካለ፣ ያ የፈጠራ መብቱ ቀን ነው። መላጊያው ከዚያ ወዲህ ተሠራ ማለት እንጂ በዚያው ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም። ሻጩ በዚህ ዋጋ ቢቆልልብሽ እሺ አትበዪ።

መጋዝ ላይ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ዲስተን የሚባለው መጋዝ የተወለደው አንቺ ካለሽበት ከተማ ነው። ሄንሪ ዲስተን በፈረንጆች 1840 ነው የጀመረው፤ ኋላ ታኮኒ በሚባለው ሰፈር ትልቅ ፋብሪካ ቆመለት። በ1955 ድርጅቱ ተሸጠ። እጀታው ላይ ካሉት የናስ ብሎኖች ትልቁን እዪው፤ ማኅተም አለበት። ጽሑፉ በየዘመኑ ስለሚለያይ ዕድሜውን የሚነግርሽ እሱ ነው። ግን ከማኅተሙ በፊት ጥርሱን እዪ፤ በቅሎም ገበያ ላይ በጥርሷ ነው የምትታወቀው። ጥርሱ ቢደነዝዝ በሞረድ ይወጣል። ብረቱ ተቆልምሞ የቀረ ከሆነ ግን ማቅናቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ከእጀታው በኩል ወደ ጫፉ እያየ ፎቶ እንዲያነሳልሽ ሻጩን ለምኚው።

የጨረታውን ነገር በአጭሩ። ከፍተኛ ዋጋሽን ሲጀመር ወስኚና አንዴ ጻፊ፤ ሌላው ተጫራች አያየውም፤ ሲስተሙ ራሱ ከተፎካካሪሽ ትንሽ ትንሽ እያስበለጠ ይጨምርልሻል። ዋጋሽ ውስጥ መላኪያውን ደምሪ፤ ጊዛ ከባድ ነው። መጨረሻው ደቂቃ ላይ ሰው ሲበልጥሽ እልህ እንዳይዝሽ። ቁጥር 4 በጣም ብዙ የተሠራ ነው፣ ሌላ ይመጣል።

የአካባቢሽ ሰዎች በኢንተርኔት በሚሸጡባቸው በፌስቡክ ማርኬትፕሌስና በክሬግስሊስት ላይ ካገኘሽ ደግሞ ሄደሽ በእጅሽ ይዘሽ እዪ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ቀን ይሁን፣ ሰው ያለበት ቦታ ይሁን። ሳታዪ ቀብድ አትላኪ። እዚህም በቴሌግራም «ቀብድ በቴሌብር አስገባና ላስቀምጥልህ» ተብሎ ገንዘቡም ዕቃውም የቀረበት ጎረቤት አለን።

ልጄ፣ አንድ ነገር አደራ። «የሟች አባቴ ዕቃ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥምሽ አታስጨንቂው። የሠሪ ሰው ሳጥን ነው። ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ዋጋውን አያውቅም፤ ቤት ለማስለቀቅ ነው የሚቸኩለው። ሃምሳ የሚያወጣውን በአምስት ካሉሽ፣ ይህ ከዚህ ይበልጣል በያቸው። መሣሪያው በማን እጅ እንደነበረ፣ ምን እንደሠራበት ጠይቂ፤ ሲነግሩሽ ስሚያቸው። እኔም ሳጥኔ አንድ ቀን በሰው እጅ ሲገለጥ እንዲህ ያለች ገዢ እንድትመጣ ነው የምመኘው።

ለጊዜው አንድ መላጊያ፣ አንድ መጋዝ፣ ሁለት መሮና መሳያ ድንጋይ ይበቃሻል። ሌላው ሥራው ሲጠይቅሽ ይገዛል።

የመላጊያው ጨረታ እሁድ ይዘጋል ብለሻል። ከዚያ በፊት ሻጩ የሆዱንና የምላጩን ጀርባ ፎቶ ይላክልሽ፣ ለእኔም አስተላልፊልኝ። ማታ ላኪው፤ ያኔ ኔትወርኩ ይሻላል።

አባትሽ
ደብረ ብርሃን