ቦዩ ሳይሞላ፦ ለዕድራችን አባላት

ውድ የዕድራችን አባላት፣

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ከሰፈራችን የሚወርደው የጎርፍ መውረጃ ቦይ አፉ በፌስታልና በውሃ ፕላስቲክ ተደፍኗል። ዝናቡ ሲበረታ ያ ሁሉ ተጠራርጎ የሚገባው ጣና ነው፤ ከጣናም ወደ ዓባይ። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። እምቦጭ ያደረሰበት ጉዳት ሳያንስ እኛ ልንጨምርበት አይገባም።

ዋናው ችግር፣ በእኔ እምነት፣ የቤታችንን ቆሻሻ ሁሉ በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት መጠቅጠቃችን ነው። ጋሪ እየገፉ ቤት ለቤት የሚሰበስቡልን ወጣቶች ማዳበሪያውን ሲፈቱ የማንጎ ልጣጩና የወጥ ትራፊው ከካርቶን ጋር ተላቁጦ ያገኙታል፤ ከመካከሉም ስባሪ ብርጭቆ ይወጣል። እጃቸው ይቆረጣል። ደርቆ ቢቀመጥ የሚሸጠው ካርቶንም በስብሶ ከንቱ ይቀራል። ሥራቸው የሚከብደው፣ ገቢያቸውም የሚቀንሰው እዚሁ እኛ ደጃፍ ላይ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በየቤታችን ሁለት ማዳበሪያ እንያዝ። አንዱ ለሚበሰብሰው፦ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ቅጠል። ሰፊ ግቢ ያላችሁ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከአፈር ጋር እያፈራረቃችሁ ብትደርቡት ለጓሮ አትክልት ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል። ሌላው ለደረቁ፤ ፕላስቲኩን አለቅለቅ፣ ጨፍለቅ አድርጋችሁ። ቆራሌው የሚገዛውን ለቆራሌው መሸጥም ይቻላል። ስባሪ ብርጭቆና ምላጭ ግን በወፍራም ካርቶን ተጠቅልሎ ለብቻው ይሰጥ፤ ይህን አደራ እላለሁ።

ፌስታልን በተመለከተ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዋጅ ከልክሎታል። ገበያ ስንሄድ ዘንቢል እንያዝ።

ቦዩን የምንጠርገው የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። አካፋና ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።