ለሰኞው ክፍለ ጊዜ የምፈልግህ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በእማማ ለቅሶ ላይ አለመገኘቴ እስከ ዛሬ እንደ እሾህ ይወጋኛል፤ በረመዳን ለማፍጠሪያዬ ሾርባ በሳህን ከድና ትልክልኝ የነበረችን እናት አፈር ሲመልሱባት እኔ አልነበርኩም። ይቅር በለኝ። ልጽፍልህ በተነሳሁ ቁጥር ስለ አስመራ የተከራከርንበት ምሽት እየተደቀነብኝ ወረቀቱን መልሼ አስቀምጠው ነበር። ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው የምጽፍልህ።

ዘንድሮ የአፍሪካን የነጻነት ትግል የማስተምረው እኔ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ አልጄሪያ ላይ ደርሼ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ በ1830 እንዴት እንደ ገባች፣ የትጥቅ ትግሉ በኅዳር 1954 እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በ1962 በኤቪያን ስምምነት ተኩስ ቆሞ፣ ሕዝቡም ድምፁን ሰጥቶ ነጻነት እንዴት እንደ ታወጀ ስናገር፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ጦርነቱ ሲያልቅ መሣሪያ የያዙት ሰዎች የት ይሄዳሉ?» አለችኝ። ይህች ልጅ በእኛው አቆጣጠር በ2014 ጥቅምት፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በእግሯ የወረደች ናት። ክፍሉ ጸጥ አለ። «በሚቀጥለው እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኩ፤ ደወሉ ግን ገና አልተደወለም ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱም መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ ሳይሆን እስከ ዛሬ ሳስተምር ኖሬ ባንዲራው ከተሰቀለበት ቀን አልፌ ስለማላውቅ ነው። በዚያው በ1962 በጋ በቱኒዚያና በሞሮኮ ድንበር ላይ የቆየው ጦርና አገር ውስጥ ሲዋጉ የነበሩት ታጋዮች እርስ በርሳቸው ሲታኮሱ፣ ሕዝቡ «ሰባት ዓመት ይበቃል!» እያለ አደባባይ ወጥቶ ነበር። የነጻዪቱን አልጄሪያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ቤን ቤላን ሥልጣን ላይ ያወጣው ያው የድንበሩ ጦር ነው፤ በ1965 ያወረደውም የዚያው ጦር አዛዥ የነበረው ቡመዲየን ነው። ደቡብ ሱዳንም በጥር 2011 ወደ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ መገንጠልን መርጦ፣ በሐምሌ ጁባ ላይ ባንዲራዋን ሰቀለች፤ በታኅሣሥ 2013 አብረው የታገሉት ሰዎች ተታኮሱ። ለዚያች ልጅ «ቤተ መንግሥት ይሄዳሉ» ብላት ውሸት አይሆንም፤ ግን እንዲህ ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ያኔ በፓኪስታን ሥር የነበሩትን፣ ዛሬ ባንግላዴሽ የምትባለውን አገር ሰዎች፣ ቤንጋሎችንም አሰብኳቸው። ጠመንጃ ሳያነሱ ገና በ1952 ስለ ቋንቋቸው ዳካ ላይ ሞተዋል፣ በ1970 ምርጫ አሸንፈው ሥልጣን ተከልክለዋል፤ የ1971 ጦርነት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አገሪቱ በልባቸው ውስጥ የተወለደችው ግን ከዚያ በፊት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። ዶርም ውስጥ ጊኒ ቢሳውን ከፖርቱጋል ለማላቀቅ በታገለው መሪ ስም «ካብራል» ብለው የጠሩህ በከንቱ አልነበረም፤ እራት እየበላን እንኳ ስለ ጊኒ ቢሳው ሩዝ ካላወራህ አይሆንልህም ነበር! የግብርና ባለሙያው ሰው ከጦርነቱ በፊት የገበሬውን እርሻ እየዞረ እንደ መዘገበ፣ ታጋዮቹ ነጻ ባወጡት ቀበሌ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ፣ ገበሬው ሩዙን አምጥቶ ጨርቅ የሚወስድበት የሕዝብ ሱቅ እንደ ከፈቱ፣ በ1972 ምክር ቤት እንዳስመረጡ የነገርከኝ አንተ ነህ። ካብራል በጥር 1973 በገዛ ድርጅቱ ሰዎች ተገደለ፤ ነጻነቱ ግን በመስከረም ቦኤ ጫካ ውስጥ ታወጀ፣ ፖርቱጋልም የተቀበለችው ከዓመት በኋላ፣ የገዛ መኮንኖቿ መንግሥቷን ከገለበጡ ወዲህ ነው። እዚያም ቢሆን በ1980 መፈንቅለ መንግሥት መጥቷል። ታዲያ ሱቁና ትምህርት ቤቱ ምን ጠቀመ ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?

አንድ ነገር ልናዘዝልህ፤ እንዴት እንደምጽፈው ግን አላውቅም። ስለ አስመራ በተከራከርንበት በዚያ ምሽት «ማን አሸነፈ አትበል፣ ሕዝቡ ምን ሆነ በል» ስትለኝ የተቆጣሁት የተሳሳትክ መስሎኝ አልነበረም። በአደባባይ መረታቱ ነው ያንገበገበኝ። ከጥቅምቱ ስደት በኋላ ደግሞ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ አንተ ልክ ነበርክ።

ስለ ካብራል የጻፍክበት አረንጓዴ ደብተር እንዳልጠፋ እገምታለሁ፤ ሱቆቹ እንዴት ይሠሩ እንደነበርና ከነጻነት በኋላ ታጋዮቹ ምን እንደ ሆኑ የጻፍክባቸውን ገጾች በስልክህ አንስተህ እስከ እሁድ ማታ በቴሌግራም ላክልኝ። ለእማማ ሙት ዓመት፣ ኢንሻአላህ፣ ራሴ እመጣለሁ። ከመጣሁ ልታስገባኝ ፈቃደኛ መሆንህን ግን ከደብተሩ ጋር አብረህ ጻፍልኝ።

ወንድምህ፣ ከደሴ