ለሥዕል ትምህርት ክፍል መምህራን፦ የኃላፊ ጥቆማ ስብሰባ

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች፣

ቀጣዩን የትምህርት ክፍል ኃላፊ ለመጠቆም ሐሙስ ከሰዓት 8፡00 በህትመት ስቱዲዮ እንገናኛለን። የመምህራን ክፍሉ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ወደዚያ አትሂዱ።

መወዳደር የምትፈልጉ የሥራ ልምዳችሁንና የአንድ ገጽ ዕቅድ ይዛችሁ ኑ። ስለ ራዕይ ብዙ ባትጽፉ ይሻላል። የዘይት ቀለምና የሸራ ግዢ ጥያቄ መቼ እንደሚገባ፣ የምረቃ ዐውደ ርእዩን ማን እንደሚያስተባብር፣ ስቱዲዮ ማታ ለተማሪ ክፍት ይሁን አይሁን፣ እሱን ጻፉልን። ግዢ ከዘገየ ተማሪው ሴሚስተሩን በከሰል ብቻ ነው የሚጨርሰው።

የኃላፊውን የማስተማር ጫናም እንወስናለን። የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ዳይሬክተርም መምህርም ነበሩ። የዛሬው የሪፖርት ብዛት ግን ሌላ ነው። በእኔ በኩል ቢያንስ አንድ ኮርስ ይቀነስ ባይ ነኝ፤ አለዚያ ብሩሽ የሚነካ ኃላፊ አይኖረንም።

መምጣት አለመምጣታችሁንና የምትጠቁሙትን ሰው እስከ ማክሰኞ ማታ እዚሁ ጻፉ። በግሩፑ መጻፍ ያልፈለገ በውስጥ ይላክልኝ። ለትምህርት ውጭ ያላችሁም ድምፃችሁ ይቆጠራል።