ስለ ኤችኤልኤ-ቢ27 ምርመራ ለአባላት የተላከ ማብራሪያ

የተከበራችሁ አባላት፣

የኤችኤልኤ-ቢ27 ውጤታችሁን እንዴት እንደምትረዱት ለጠየቃችሁን ሁሉ ይህን ልከናል። ይህ በዘር የሚተላለፍ ምልክት የአከርካሪንና የዳሌን መገጣጠሚያዎች ከሚያጠቃው አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 በለንደንና በሎስ አንጀለስ በተደረጉ ጥናቶች ነው። ሆኖም ምልክቱ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሽታው አይዛቸውም፤ ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ ምልክቱ ራሱ ብርቅ በመሆኑ፣ ውጤቱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ብቻ ለወራት የቆየን፣ ጠዋት የሚብስና በእንቅስቃሴ የሚሻለውን የወገብ ሕመም ችላ ማለት፣ በእኛ እምነት፣ ተገቢ አይደለም።

ለዚህ በሽታ የሚሰጡ፣ እንደ አዳሊሙማብ ያሉ ቲኤንኤፍን (በሰውነት ውስጥ ብግነት የሚያነሳሳ ፕሮቲን) የሚያግዱ መድኃኒቶች ተደብቆ የቆየን ቲቢ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ፣ ሕክምናውን ከመጀመራችሁ በፊት የቲቢ ምርመራ እንዲደረግላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።