ለእማዬ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው «ለመሆኑ እዚያ ዳር ሆነሽ ቃለ እግዚአብሔር የት ትሰሚያለሽ?» ስትዪኝ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ በደንብ አልመለስኩልሽም። አሁን ልጆቹ ተኝተዋል፣ መብራትም አለ፣ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

እንዳንቺ ፍልሰታን በሱባኤ ማሳለፍማ ከየት መጥቶ! አንቺ ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ከቤተክርስቲያን ቅጥር አትወጪም፣ እኔ በዚያ ሁሉ ጭቃ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ እሁድም ተረኛ የምሆንበት ጊዜ አለ። ውዳሴ ማርያሜን ሰልፉ ላይ ከስልኬ ነው የምደግመው። ሳይነጋ ወደ ቃሊቲ ስንወርድ ሹፌሩ ቤተክርስቲያን ጋ ሲደርስ ሙዚቃውን ይቀንሳል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ያማትባል፣ ረዳቱም ድፍን ብር በጨበጠበት እጁ ያማትብና «ሂሳብ!» ይላል። ሳቄ ይመጣል፣ ግን ደስ ይለኛል።

ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ስለ ውሃው ነው። ውሃ እዚህ በፈረቃ ነው፣ መጣ ሲባልም እኛ ፎቅ ድረስ አቅም የለውም። ምድር ላይ ያሉት ጎረቤቴ፣ ያኔ ስትመጪ ቡና ያጠጡሽ ሙስሊሟ ሴትዮ፣ ሮቶ አላቸው። ሰሞኑን ውሃው ጭራሽ ጠፍቶ ከረመና የእሳቸውም ሮቶ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ ቧንቧው ሲከፈት እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚወርደው። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ጠብቀው አንዷን ቢጫ ጀሪካን ሞሉልኝ። «ለልጆቹ ይሁን፣ የነገውን አላህ ያውቃል» አሉ።

ደረጃውን ስወጣ የሰራፕታዋ መበለት ትዝ አለችኝ። ታስታውሻለሽ፣ በንጉሥ አክዓብ ዘመን ዝናብ ጠፍቶ፣ ኤልያስ ይጠጣበት የነበረው ወንዝ ሲደርቅ እግዚአብሔር ወደ እሷ ላከው። መጀመሪያ የለመናት እኮ ውሃ ነው፤ ቁራሽ እንጀራ የጨመረባት ልታመጣለት ስትሄድ ነው። እሷ ደግሞ የቀራትን እፍኝ ዱቄት ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ለመሞት እንጨት እየለቀመች ነበር። ስብከት ላይ ሁሌ የምንሰማው ስለ ዱቄቱ ነው። እኔን የገረመኝ ሴትየዋ እስራኤላዊት አለመሆኗ ነው። የሲዶና ሰው ናት፣ ነቢያቱን ያስገደለችው የኤልዛቤል አገር ሰው! በእስራኤል ስንት መበለት እያለ ወደ እሷ ብቻ ተላከ ብሎ ጌታ ራሱ ቢያነሳባቸው፣ የናዝሬት ሰዎች በቁጣ ከገደል ሊጥሉት ወሰዱት፤ ሉቃስ ምዕራፍ 4 ላይ አለልሽ። እኔም እርዳታ ከወገኔ ብቻ ስጠብቅ ኖሬ፣ በፍልሰታ ጾም የልጆቼን ውሃ የሞሉልኝ እሳቸው ሆኑ።

ደግሞ የዱቄቷ ማድጋ ሞልቶ ፈሰሰ አይልም እኮ፣ አላለቀም ነው የሚለው። እንደኔ እንደኔ ሴትየዋ ማታ ማታ ክዳኑን ገልጣ ሳታይ የተኛችበት ቀን ያለ አይመስለኝም። የዚህ ቤት 20 በመቶው ተከፍሎ 80ው የባንክ ዕዳ ነው፣ ጤፉም የቀመሰው ሰው ያውቀዋል፤ ወሩ እንዴት ያልቃል እያልኩ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁንም አልፎ አልፎ አለ። ግን «አባታችን ሆይ» ላይ የምንለምነው የዛሬውን እንጀራ አይደል? የዛሬው ካለ ተመስገን ብዬ እወጣለሁ። ዓመቱን ሙሉ ማስላት ትቻለሁ፣ ባይሆን ቀንሻለሁ።

ለጎረቤቴ ያንን ሽሮሽን በሰው ላኪላቸው፣ ሲያነሱት ነው የከረሙት። በጸሎትሽም አስቢያቸው፣ እምቢ እንደማትዪ አውቃለሁ። የግፊት መድኃኒትሽን ግን ጾም ነው ብለሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳታቆዪው። የንስሐ አባታችንም ጠዋት ዋጪ ብለውሻል፣ ሰምቻለሁ፣ እንዳትክጂኝ!

ልጅሽ