ኤሊዋን ከማቀላቀልሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አዲሷን ኤሊ፣ ቴስቱዶ ግሬካዋን፣ ቤት ካሉሽ ኸርማን ከሚባሉት ዝርያ ኤሊዎች ጋር አንድ አጥር ውስጥ ላስገባት ነው ስላልሽኝ ቸኩዬ ጻፍኩልሽ። ቆይ፣ አታስገቢያት።

ቴስቱዶ ግሬካ የሄርፒስ ቫይረስ ይዛ ምንም ሳትታመም ዓመታት ልትኖር ትችላለች። ኸርማን ግን ያው ቫይረስ ሲይዘው ምላሱ ላይ ቢጫ ሽፋን ይጋገራል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ መብላት ያቆማል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል። (ጀርመኖች «የግሪክ ኤሊ» የሚሉት ኸርማኑን ነው፤ ስለዚህ ለላቦራቶሪ ስትልኪ ዝርያውን በላቲን ስሙ ጻፊ።)

ቫይረሱ አግኝቷት እንደሆነ ለማወቅ በደሟ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩ ይመርመር። ደሙን ሐኪሙ ከአንገት ደም ስር ይቅዳ፣ በተለይ ከቀኝ በኩል። ከጅራት ወይም ከቅርፊቱ ስር ከተቀዳ ሊምፍ የሚባለው ውሃ መሰል የሰውነት ፈሳሽ ይቀላቀልበታል፤ ደሙ ይቀጥናል፣ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠንም ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል። መርፌው ውስጥ መጀመሪያ ውሃ የመሰለ ነገር ከገባ ይደፋና በአዲስ መርፌ ይሞከር። ለ100 ግራም ክብደት ከ0.5 ሚሊ ሊትር በላይ አይወሰድ፤ 600 ግራም ከሆነች ጣሪያው 3 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለምርመራው ግን አንድ ሚሊ ሊትር አካባቢ ይበቃል። ቱቦው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሊቲየም ሄፓሪን ያለበት ይሁን። ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው፣ የኢዲቲኤ ቱቦ፣ የኤሊን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ደሙ አይናጥ፣ በረዶ ቤት አይግባ፤ ቶሎ በሴንትሪፊዩጅ ዞሮ ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይለይ። ሴሎች ፈርሰውበት የቀላ ፕላዝማ ምርመራውን ያበላሻል፤ ምክንያቱም ላቦራቶሪው ፕላዝማውን ከሕያው ቫይረስ ጋር ቀላቅሎ በ28 ዲግሪ በሚያድጉ የኤሊ ሴሎች ላይ ያፈሰዋል። ሴሎቹ ካልሞቱ ቫይረሱን ያገደ ፀረ እንግዳ አካል አለ ማለት ነው። ፕላዝማው ራሱ ሴሎቹን ከገደላቸው ግን የሚነበብ ነገር የለም። ይህ ምርመራ ቀናት ስለሚፈጅ በማግስቱ ውጤት አትጠብቂ። ደግሞ የኤሊ ሄርፒስ ብዙ ዓይነት ስላለው የዓይነት 1ንም የዓይነት 3ንም ምርመራ እዘዢ፤ የአንዱ ፀረ እንግዳ አካል ሌላውን አያሳይም።

አሁን ዋናው ነገር። ኔጌቲቭ መጣ ብለሽ አጥሩን እንዳትከፍቺ! የኤሊ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፣ ሳምንታት ይወስድበታል፤ ከቀዘቀዘች ደግሞ ይብስ ይዘገያል። ስለዚህ ነቅታና ሞቃ እያለች፣ ከ8 ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ደም ይቀዳ። በዚያው ቀን ከምላሷና ከጉሮሮዋ በደረቅ ጥጥ ናሙና ተወስዶ ቫይረሱን ራሱን በዘረመሉ ለሚፈልገው ለፒሲአር ምርመራ ይላክ፤ ለባክቴሪያ የሚሆነው ጄል ያለበት ጥጥ አይሆንም። ደሙ የሚናገረው ትናንት ያገኛትን ነው፣ ጥጡ ዛሬ የምትረጨውን። ጥጡ ኔጌቲቭ ቢሆንም ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

ኸርማኖቹንም አስመርምሪ። ሁሌ አዲሱን እንግዳ እንጠረጥራለን እንጂ ቤት ያለውን ማን ይመረምራል? ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባት ዕድሜ ልኳን ተሸካሚ ናት፤ አትገደልም፣ ግን ለብቻዋ ትኖራለች።

እስከዚያው የአዲሷን ምግብና ውሃ በመጨረሻ ስጪ፣ ዕቃዋም የራሷ ይሁን። ከተቻለ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የብርድ ወራት ረጅም እንቅልፏን ጨምሮ ለይተሽ አቆያት፤ የተኛው ቫይረስ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከእንቅልፍ እንደነቃች ነውና። ሄርፒስ ከላዩ የስብ ሽፋን ያለው ቫይረስ ስለሆነ በተለመደው ማጽጃ ይሞታል። የግልገሎችን ቅርፊት የሚያለሰልሰው ሌላው ቫይረስ፣ ፒኮርና፣ ግን ሽፋን ስለሌለው ያንን ይቋቋማል፤ ማጽጃ ስትገዢ ሽፋን የሌላቸውን ቫይረሶችም የሚገድል መሆኑን አንብቢ።

ሁለቱም ውጤት ሲደርስሽ ፎቶውን ላኪልኝ፣ ቁጥሮቹን አብረን እናያቸዋለን።

እናትሽ