«ምክር ተሰጥቷታል»፦ ለእናቶች ጤና አገልግሎት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ላቀረብኩት አቤቱታ ያገኘሁት መልስ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ነው፤ «በመዝገቡ መሠረት ነፍሰ ጡሯ ምክር ተሰጥቷታል፣ ፈርማለችም»። መዝገቡን እኔም አይቼዋለሁ። ምክር በሚለው ረድፍ የራይት ምልክት፣ ከጎኑም የታናሽ እህቴ ፊርማ አለ።

በ32ኛው ሳምንቷ የደም ግፊቷ ተለክቶ 150/100 ተብሎ በክትትል ካርዷ ላይ ተጻፈ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ 140/90 የደረሰ ግፊት ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው፣ ለእናትም ለልጅም አደገኛ የሆነ የእርግዝና ሕመም ሊሆን እንደሚችል፣ ሽንቷም መመርመር እንደነበረበት እርስዎ ያውቃሉ። ለእርሷ ግን ማንም አልነገራትም፤ ወር ቆይታ እንድትመለስ ተነግሯት ወጣች። ከአምስት ቀን በኋላ ራሷን ክፉኛ ፈለጣት፣ ዓይኗ ብዥ አለባት፣ ፊቷና እጆቿ አበጡ፤ ድካም መስሏት ተኛች። ሌሊት አንቀጥቅጧት ራሷን ሳተች። እርሷ ተርፋለች፤ ልጁን ግን አጣነው።

ቢሮዎ በቃል የነገረኝ ምክንያት «የእናቶች ግንዛቤ ማነስ» ነው። እህቴ ማንበብ ትችላለች፤ ያንን ካርድም ደጋግማ አንብባዋለች፤ ቁጥሩ ግን አደጋ መሆኑን ካርዱ አይናገርም። የነፍሰ ጡር ግንዛቤ በትምህርቷ፣ በዕድሜዋና በገቢዋ እንደሚለያይ፣ የመጀመሪያ እርግዝና መሆኑ፣ ምክሩ አፏን በፈታችበት ቋንቋ መሰጠት አለመሰጠቱ፣ ወደ ሕክምና ለመሄድ የሚወስኑት እርሷ ወይም ባሏና አማቷ መሆናቸው ለውጥ እንደሚያመጣ አልክድም። ከእነዚህ የማያንሰው ግን በእርስዎ እጅ ያለው ነው፦ አዋላጇ ለአንዲት ሴት የምትሰጠው ጊዜ፣ የምትመርጠው ቃል፣ ሴቲቱም ሳትሸማቀቅ መጠየቅ መቻሏ። እህቴ ልትጠይቅ ስትል ቀጣይዋ ተጠርታ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ቢያንስ ስምንት የእርግዝና ክትትል ሲመክር፣ «ጉብኝት» የሚለውን ቃል ትቶ «ግንኙነት» ያለው ሴቲቱና ባለሙያው በእርግጥ እንዲነጋገሩ አስቦ ነው። ስለዚህ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከመፈረሟ በፊት የትኛው ምልክት በዚያው ቀን ሊያስመልሳት እንደሚገባ በራሷ አነጋገር መልሳ እንድትናገር ይደረግ፤ ካልቻለች እንደገና ይነገራት። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠይቃል።

ለእኔም በዚያ ቀን እህቴ ምን ተብሎ እንደተነገራት፣ በየትኛው ቃል፣ በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።